ኦርኬስትራ መምራት ለምትሹ ወጣቶች፦ ከእጅ በፊት ጆሮ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ሙያ ለመማር የምትፈልጉ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ እጅ ነው። ዘንጉ እንዴት ይያዛል? ግራ እጅስ ምን ይሠራል? ጥያቄው አይከፋም፤ መልሱ ግን አጭር ነው። ባለ አራት ምት ሙዚቃን ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ እያሉ መምታትን ማንም በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ዕድሜ የሚፈጀው ጆሮ ነው። መድረኩ ላይ ካሉት ሁሉ ድምፅ የማያወጣው መሪው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሌሎቹ ገና መጫወት ሳይጀምሩ ሙዚቃው በውስጡ እየተሰማው መሆን አለበት።

የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ አጀማመር ተመልከቱ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው አራት ድምፆች ናቸው፤ ሦስት አጫጭርና አንድ ረጅም። ኖታውን ስትገልጡ ግን መጀመሪያ የምታገኙት የዝምታ ምልክት ነው፤ አጫጭሮቹ የሚነሱት ከዝምታዋ በኋላ ነው። የመሪው ምት ሲወርድ የሚያርፈው ዝምታዋ ላይ ስለሆነ፣ ፍጥነቱንም ኃይሉንም ጠባዩንም ከዚያ አስቀድሞ፣ እጁን ሲያነሳ፣ አሳይቶ መጨረስ አለበት። አነሳሱ ካመነታ ቫዮሊኖቹና ክላርኔቶቹ አብረው አይገቡም። ጥፋቱ የክንድ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መሪው ፍጥነቱን በልቡ ሳይቆርጥ እጁን በማንሳቱ የመጣ ነው። እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለዩትን የምት ክፍሎች) በውስጣችሁ ዘምሩ፤ ከዚያ ከዜማው ጋር ተንፍሱና ጀምሩ።

ይህ የሚሆነው ኖታውን በሚገባ ካነበባችሁ ነው። ቪዮላ (ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቀው ባለ አውታር መሣሪያ) የሚጻፈው በራሱ ክሌፍ፣ ማለትም የድምፆቹን ከፍታ በሚወስነው የመስመር መጀመሪያ ምልክት ነው። በኤፍ የተጻፈለት ሆርን (የናስ መለከት) «ሲ» ተብሎ የተጻፈውን ድምፅ ሲነፋ የሚሰማው «ኤፍ» የተባለው ድምፅ ነው። የቢ ፍላት ክላርኔት ከተጻፈው በአንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ ይሰማል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየትና መስማት እስክትችሉ ድረስ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብላችሁ የቪዮላውን መስመር እየዘመራችሁ የባስን (የዝቅተኛውን ድምፅ) መስመር ተጫወቱ። ያሰለቻል፤ ቢሆንም አትዝለሉት። የተቀረጸ ሙዚቃ እየሰሙ ማጥናትን ለጀማሪ አልመክርም፤ የሌላ ሰው ፍጥነትና ትንፋሽ ሳታውቁት ይዋሃዳችኋል፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ግን አታውቁም። መጀመሪያ ራሳችሁ ወስኑ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ስሙ።

የምትጫወቱትንም መሣሪያ አትተዉ። እንግሊዛዊው መሪ ሳይመን ራትል የተነሳው ከምት መሣሪያዎች ነው። ጣሊያናዊው መሪ ቶስካኒኒ ቼሎ ተጫዋች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ መሪ በጠፋበት ምሽት ከወንበሩ ተነስቶ የቨርዲን ኦፔራ «አይዳ» ያለ ኖታ ሲመራ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ኦርኬስትራ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ መሪ ያለ ምክንያት ሲያስቆም ሙዚቀኛው ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

ልምምድ ላይ የብዙ ወጣቶች ችግር ወሬ ማብዛት ነው። ሙዚቀኛ ሲሳሳት ራሱ ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ለሚያርመው ስህተት ሥራ አታስቁሙ። ካስቆማችሁ ደግሞ ማን፣ ከየት ባር፣ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቀጥሉ። የነፋሽ መሣሪያዎች ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ጎርበጥ አለ እንበል። «ቅኝቱ ልክ አይደለም» ማለት ማንንም አይረዳም። የኮርዱን መሠረት ድምፅ የያዙትን ብቻ አስነፉ፤ ከመሠረቱ ሲቆጠር አምስተኛ የሆነውን ድምፅ ጨምሩ፤ ሁለቱ ጸጥ ብለው ሲገጥሙ ሦስተኛውን አስገቡ። ኮርዱ ሜጀር (ብሩህ የሚሰማው ዓይነት) ከሆነ ሦስተኛውን የያዘው ሰው ከፒያኖው ቅኝት ጥቂት ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ኮርዱ ይከፈታል። ይህን አንዴ የሰሩላችሁ ሙዚቀኞች ጆሮ እንዳላችሁ ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በትንሽ ምልክት ይከተሏችኋል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ ሕያው ሙዚቀኞች ፊት የምትቆሙበትን ጊዜ ጠይቁ። ፊንላንዳዊው መምህር ዮርማ ፓኑላ በሄልሲንኪው ሲቤሊየስ አካዳሚ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ፊት ይቆሙ፣ ቪዲዮም ይቀረጹ ነበር፤ ዝነኞቹ መሪዎች ሳሎነንና ሳራስቴ የወጡት ከዚያ ክፍል ነው። የመሪዎች ውድድርም በር ይከፍታል፤ ጃፓናዊው ኦዛዋ እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይዋ ቤዛንሶን፣ ቬኔዙዌላዊው ዱዳሜል በ2004 በጀርመኗ ባምበርግ አሸንፈዋል። ብዙዎቻችሁ ግን የምትጀምሩት በረዳት መሪነት ነው፤ አትናቁት። አሜሪካዊው በርንስታይን ረዳት መሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1943፣ ታሞ የቀረውን መሪ ብሩኖ ዋልተርን ተክቶ ያለ ልምምድ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን ሲመራ 25 ዓመቱ ነበር። ሰው ዕድል ይለዋል፤ እኔ የረዳትነት ሥራውን መሥራቱ ነው እላለሁ። የረዳት ሥራ፣ እመራለሁ ብሎ ባያስብም፣ ኖታውን እንደሚመራ ሰው አጥንቶ መጠበቅ ነው።

ሴቶች ልጆቼ፣ «ይህ የወንድ ቦታ ነው» ሲባል እንደምትሰሙ አውቃለሁ። ማሪን አልሶፕ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 የአሜሪካው የባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ዳይሬክተር ነበረች፤ ከእሷ በኋላ የመጡትም ብዙ ናቸው። ቁሙና ምሩ።

ብዙ ሙዚቀኛ ወደሚጠይቁት ወደ ማህለር ግዙፍ ሲምፎኒዎች ለመድረስ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተወለደው መሪ ብሎምስቴት ዘጠናዎቹን ካለፈ በኋላም መድረክ ላይ ነበር፤ ሙያው ጊዜ ይሰጣል። በሃይደን ሲምፎኒዎች ጀምሩ፤ ሙዚቀኞቹ ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዱ መስመር ይሰማል፣ የሚደበቅበት ቦታ የለም። አንድ ሲምፎኒ ምረጡ፣ እርሳስ ያዙ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስንት ባር እንደሆነ ኖታው ላይ ምልክት አድርጉ፤ አራት አራት እየሄደ ሳለ ድንገት አምስት ወይም ሦስት የሚሆንበትን ቦታ ስታገኙ ለምን እንደሆነ ሳታውቁ ገጹን አትግለጡ።