ጠመንጃው የትኛውን ጥይት ይጎርሳል?

ከኮምቦልቻ የጻፉልን አንባቢ ከአባታቸው የወረሱትን ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን በስማቸው አስመዝግበው ፈቃድ እንዳወጡበት፣ የአደን ፈቃዱም ሲያልቅላቸው ጅግራና ቆቅ ለማደን እንዳሰቡ ይገልጻሉ። ጠመንጃው በተቀመጠበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት ጥይት አግኝተዋል። አንደኛው «12/70» የሚል ጽሑፍና «6» ቁጥር አለበት፤ ሁለተኛው «12/76» ይላል፤ ሦስተኛው ቢጫና ከሁለቱ ቀጠን ያለ ነው። «ሦስቱንም ሞክሬያቸው ይገባሉ፤ ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ነው?» ይላሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ሦስቱም መግባታቸው ነው። ለረጅም ዓመታት በመሣሪያ ጥገና ሥራ ላይ ቆይቼ አሁን ደሴ በጡረታ የምኖር ሰው ስሆን፣ አፈሙዛቸው ተቀዶ የመጡልኝ የአደን ጠመንጃዎች ባለቤቶች ሁሉ «ጥይቱ እኮ ልክ ገብቷል» ነበር የሚሉኝ። ስለዚህ የወፉን ጉዳይ ለጊዜው ትተን ከብረቱ እንጀምር።

ቢጫውን ዛሬውኑ ከሣጥኑ ያውጡት። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ባለ 20 ጌጅ መሆኑ አይቀርም፤ ብዙ አምራቾች የ20ውን ቀለሃ ቢጫ የሚያደርጉት ከ12ቱ ጋር እንዳይምታታ ነው። ጌጅ የሚባለው ልክ ከድሮ የመጣ ነው፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድብልብሎች ሲከፈል የአንዱ ውፍረት 18.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፣ ለ20 ሲከፈል ደግሞ 15.6 ሚሊሜትር። በመሆኑም ቁጥሩ ሲጨምር ጥይቱ ይቀጥናል። ባለ 20ው ጥይት በባለ 12ቱ ጠመንጃ ውስጥ ሲጨመር ከንፈሩ፣ ማለትም ከኋላ ወጣ ያለው ጠርዙ፣ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ወደ ውስጥ ይንሸራተትና አፈሙዙ መጥበብ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ይወተፋል። አዳኙ ቃታ ሲስብ ዝም ይለዋል፤ ከፍቶ ሲያይ የጥይቱ ማደሪያ ባዶ ነው፤ «ሳላጎርሰው ቀርቼ ነው» ብሎ ባለ 12ቱን ይጨምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ፍንዳታ የሚደርሰው የግራ እጁ አፈሙዙን ደግፎ በያዘበት ቦታ ላይ ነው። ጠመንጃው በተከፈተ ቁጥር ከማጉረስ በፊት በሁለቱም አፈሙዝ ብርሃን አሻግሮ የማየት ልማድ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

«12/76» የሚለው ተንኮሉ ይበልጥ የረቀቀ ነው። 70 እና 76 የሚሉት ቁጥሮች የቀለሃውን ርዝመት በሚሊሜትር ያመለክታሉ፤ ነገር ግን የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ፣ የታጠፈው አፉ ሲዘረጋ ነው። ያልተተኮሰ ባለ 70 ጥይት ቢለካ ከ60 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። ባለ 76ቱም አፉ ታጥፎ ስላለ 70 ሚሊሜትር በሆነ ማደሪያ ውስጥ ያለምንም ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የሚዘረጋው አፉ ጠባቡ ክፍል ውስጥ ስለሚገባ መንገዱን ያጠበዋል፣ ግፊቱም መሣሪያው ሊሸከም ከተሠራበት በላይ ይወጣል። ባለ 76 ጥይት ብዙውን ጊዜ ባሩዱም ፍሬውም፣ ማለትም በውስጡ ያሉት ትናንሽ ድብልብሎች፣ የበዛ መሆኑን ሲጨምሩበት ነገሩ ይባስ ይከፋል። በተቃራኒው አጭሩን በረጅሙ ማደሪያ መተኮስ ጉዳት የለውም።

ታዲያ የአባትዎ ጠመንጃ ማደሪያው ስንት ነው? መልሱ በብረቱ ላይ ተጽፏል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ከአፈሙዙ በታች ያለውን እንጨት አውልቀው አፈሙዙን ከሰደፉ ይለዩት፤ ከዚያም ወደ መክፈቻው ያለውን የታችኛውን ጠፍጣፋ ብረት ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉት። ጥቃቅን ማኅተሞችና ቁጥሮች ያያሉ። 12 በክብ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ 70 ወይም 2¾ ካለ ባለ 70 ነው፤ 65 ወይም 2½ ካለ አሮጌና አጭር ማደሪያ ስለሆነ በሣጥንዎ ውስጥ ያለው ባለ 70ውም አይሆነውም። ምንም ቁጥር ካጡ ወይም ከደበዘዘ በግምት አይሂዱ፤ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ጠጋኝ በመለኪያ ያረጋግጥልዎ። አፈሙዙ ላይ ሽቦና ብረት አብሮ የተገመደ የሚመስል፣ እንደ ሰፌድ ስፌት የተጠላለፈ መስመር ካዩ ግን ጠመንጃው ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ነውና ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ በዘመኑ ጥይት አይተኮስበትም። በወሎ ቤቶች እንዲህ ያለ መሣሪያ ብርቅ አይደለም።

ማደሪያው 70 ሆኖ ከተገኘና ብረቱ ጤነኛ ከሆነ አሁን ወደ ፍሬው እንመጣለን። እዚህ ላይ የምሰጠው ምክር ቁጥሩን ትተው ሚሊሜትሩን እንዲያነቡ ነው። «6» የተባለው ፍሬ በእንግሊዝ ልክ 2.6፣ በጣሊያን 2.7፣ በአሜሪካ 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ ፍሬው ይተልቃል። ካርቶኑ ላይ ሚሊሜትሩ አብሮ ከተጻፈ ክርክሩ ያበቃል። ለቆቅ ከ2.5 እስከ 2.8፣ ላባዋ ለጠነከረውና ሮጣ ሮጣ ለምትነሣው ጅግራ ከ2.8 እስከ 3 ሚሊሜትር ይበቃል። አንድ ዓይነት ብቻ ልግዛ ካሉ 2.8ን እመርጣለሁ።

በአንዱ ጥይት ውስጥ ያለው ፍሬ ጠቅላላ ክብደቱ 28 ግራም ይሁን። በ28 ግራም ውስጥ 2.8 ሚሊሜትር የሆነ የእርሳስ ፍሬ 220 ገደማ ይገኛል፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው። 36 ግራም የተሻለ ይገድላል ብሎ የሚመክርዎ ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን የጀማሪ ትከሻ ሁለት ቀን ከተመታ በኋላ ቃታው ሳይሳብ ዓይን መጨፈን እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ የተጨፈነ ዓይን ደግሞ በየትኛውም ግራም ጅግራ አይመታም። «00» የሚል ጥይት ካጋጠመዎ ለወፍ አይደለም፤ በአንዱ ቀለሃ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ 9 ብቻ ሲሆኑ የእያንዳንዱ ውፍረት 8.4 ሚሊሜትር ነው። ፍሬ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድም ይወቁ፦ 2.8ቱ ከ200 ሜትር በላይ፣ የ00ው ከ600 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። እንደ ቦርከና ዳርቻ ቁጥቋጦ በበዛበት፣ ከእርከኑ ሥር እረኛ ሊቀመጥ በሚችልበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጥይቱን ከመረጡ በኋላ በወረቀት ይፈትኑት። መተኮስ በተፈቀደበትና ከኋላው የአፈር ግድግዳ ባለበት ቦታ ሰፊ ወረቀት በጣውላ ላይ ይለጥፉ፤ ከ30 ሜትር ሆነው መሐሉን አነጣጥረው በአንዱ አፈሙዝ አንድ ጊዜ ይተኩሱ። ከዚያ ፍሬው በብዛት ካረፈበት ቦታ ላይ ምስማር ተክለው፣ 37.5 ሴንቲሜትር ክር አስረው በመጻፊያ እርሳስ ክብ ያዙሩና በክቡ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ይቁጠሩ። የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት፣ ቾክ የሚባለው፣ ልዩነቱን እዚህ ላይ ያሳያል፤ በጣም ጠባቡ ቾክ በ36 ሜትር ላይ ከፍሬዎቹ 70 በመቶ ያህሉን በዚህ ክብ ውስጥ ሲያስገባ ጥበት የሌለው አፈሙዝ 40 በመቶ ገደማ ያስገባል። ከካርቶን የጅግራ ቅርጽ ቆርጠው በክቡ ላይ እያዘዋወሩ ያስቀምጡት፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከአራት ቀዳዳ በታች ከሸፈነ በዚያ ርቀት እኔ አልተኩስም፣ አምስት ሜትር ቀርቤ እንደገና እሞክራለሁ። በሁለቱም አፈሙዝ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ቀኙ ሰፋ፣ ግራው ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፣ የፊተኛውም ቃታ የቀኙ ነው።

በሐይቅ ወይም በረግረግ አካባቢ ለማደን ፈቃድ ካገኙ የእርሳስ ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ዳክዬና ዝይ ምግብ ለመፍጨት ጠጠር ሲለቅሙ የወደቀውን ፍሬም ይውጡታል፣ ይመረዛሉም፤ አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ለውኃ ወፍ አደን፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በረግረግ ቦታዎች በእርሳስ መተኮስን የከለከሉት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ይሁንና በምትኩ የሚሸጠው የብረት ፍሬ እንደ እርሳስ ስለማይጨመቅ ጠባብ ቾክ ባለው አሮጌ አፈሙዝ አይተኮስም። ለእርስዎ ጠመንጃ ደረቅ መሬት ላይ መቆየቱ ይሻላል። ፈቃዱ ላይ ከተዘረዘሩት ዝርያዎች ውጭ የሆነ ወፍ፣ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል መሆኑን አስበው ይለፉት።

በሣጥኑ ውስጥ ስላለው «12/70» አንድ ነገር ይቀራል። ቀለሃው ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ከሆነ በጣትዎ ዳስሱት፤ ለብዙ ክረምት እርጥበት ያገኘው ወረቀት ያብጣል፣ ገብቶም አልወጣም ሊል ይችላል፣ ባሩዱም ደክሞ ፍሬውን መንገድ ላይ ሊተወው ይችላል። ናሱ አረንጓዴ ሻጋታ ካወጣም አያመንቱ። እነዚህንም ቢጫውንም ባለ 76ቱንም በአንድ ላይ ጠቅልለው፣ ፈቃድዎን ይዘው፣ በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ያስረክቡና ለማደሪያው ልክ የሆነ አዲስ ካርቶን በሕጋዊ መንገድ ይግዙ።