ከጎረቤቴ ጋር ሰላም አንባባልም፤ መቁረብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ነን። የውሃ ቆጣሪያችን አንድ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ድርሻዋን ሳትከፍል ወራት አለፉ፤ እኔ ሸፈንኩላት። ስጠይቃት ተቆጣች። ጭራሽ "ስግብግብ ናት" ብላ ሰፈሩን አዳረሰች። ከዚያ ወዲህ ሰላም አንባባልም። ሰሞኑን እናቷ ታመው እሷ ጋር መጥተዋል። እኔ ቂም የለኝም፤ ዝም ብያት ነው የምኖረው። ለፍልሰታ መቁረብ አስቤያለሁ። ይቻላል? ደግሞስ እሷ ሙስሊም ናት። "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የሚለው እሷንም ይጨምራል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። አዎ፣ ይጨምራል። አንድ ሕግ አዋቂ ጌታን "ባልንጀራዬስ ማን ነው?" ብሎ ጠይቆት ነበር (ሉቃ 10፥29)። ጌታም የሳምራዊውን ታሪክ ነገረው። አይሁድና ሳምራውያን በእምነት የተለያዩ፣ የማይተባበሩ ሰዎች ነበሩ። የቆሰለውን ሰው ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አለፈ። (እኛ መምህራን ይህን ስናነብ ቶሎ ቶሎ ባናልፈው ጥሩ ነው።) ያነሣው ሳምራዊው ነው። ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ ለማደሪያው ጠባቂ 2 ዲናር ከፈለለት። ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ አላለውም።

ይህ ደግሞ ለጅማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ሰርግ የሚደግስ ሰው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ያሳርዳል፤ ማንም አይከፋውም። ሥጋው የየሥርዓታችን ጉዳይ ነው። ሰላምታው፣ ቡናው፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የታመመ መጠየቁ ግን ሥርዓት አይከለክለውም።

ወደ ዋናው ልምጣ። "ቂም የለኝም፣ ዝም ብያት ነው" ብለሻል። እኔ ይህን ዝምታ አላመንኩትም። አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖሩት። ቡና ስትቆዪ ሽታው እሷ ቤት ይገባል። ልጅ ልከሽ "ቡና ጠጡ" ስትይ የዚያኛው ቤት በር ይንኳኳል፣ የእሷ ይታለፋል። ጠዋት ከሌላው ጋር "አካም ቡልቴ" ስትባባሉ እሷ ባልዲዋን ይዛ በመሃል ታልፋለች። በአፍሽ ክፉ አልተናገርሽ ይሆናል። እሷ ግን በየቀኑ ትሰማሻለች።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ምን ታደርጊያለሽ? ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞረሽ እጅ ትነሻለሽ፤ ስሟን እንኳ ለማታውቂያት ሴት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰሽ ግቢሽ ስትገቢ ግን የምታውቂያትን ፊት ትነሻታለሽ። እኔን የጨነቀኝ ይሄ ነው።

ጌታ ያለውን አስተውለሽ አንብቢ፦ "መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ" (ማቴ 5፥23-24)። "አንተ በእሱ ላይ ያለህን" አላለም። አንቺ ልብሽን መርምረሽ ቂም አጣሽበት እንበል። እሷ ዘንድስ? የተቀየመሽ ሰው እንዳለ እያወቅሽ "የእኔ ልብ ንጹሕ ነው" ብሎ መቀመጥ አይበቃም። "ያጠፋችው እሷ፣ የምሄደው እኔ?" ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ አንቺ። ፍትሐዊ አይመስልም፤ ግን ትእዛዙ የተሰጠው መባ ይዞ ለቆመው ሰው ነው።

"ልቤ እሺ ካላለኝስ?" ለሚለው ደግሞ፣ ልብሽን አትጠብቂ። ቅዱስ ዮሐንስ "በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ" ይላል (1 ዮሐ 3፥18)። እጅና እግር ቀድሞ ሲሄድ ልብ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይደርሳል። ባይደርስም ሥራው አይቀርም። ሳምራዊው ምን እንደተሰማው የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ አዘነለት። ሌላው ሁሉ ያደረገው ነው።

ደግሞ በሩ ተከፍቶልሻል። እናቷ ታመዋል ብለሻል። አጥሚት ሠርተሽ ወይም ብርቱካን ገዝተሽ ግቢና "እግዚአብሔር ይማርዎት" በያቸው። ጾም ውስጥ ብትሆኚም ለታመመ ሰው ወተት ይዞ መሄድ ጾም አያፈርስም። የዚያን ዕለት ስለ ውሃው አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ሰው ሲታመም ሂሳብ አይነሣም።

ስለ ሂሳቡስ? ፍቅር ማለት ዝም ብሎ መበዝበዝ አይደለም። ኦሪት "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" ከማለቷ በፊት ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ገሥጸው ትላለች (ዘሌ 19፥17-18)። በልብ ይዞ ከመቆየት ፊት ለፊት መናገር ይሻላል ማለቷ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ሻል ሲላቸው ለብቻዋ አናግሪያት። በሰው አትላኪባት፤ መልእክተኛ ጨው ሳይጨምር አይደርስም። ቡና ላይም አታንሺው። ደረሰኙን ይዘሽ ተቀመጪና የሆነውን ንገሪያት። አቅም አጥታ እንደሆነ ጠይቂያት፤ ያኔ ያልተናገረችው ነገር ሊኖር ይችላል። ካልተግባባችሁ የሰፈር ሽማግሌ አለ። ዕዳውን ልተውላት ካልሽም መልካም ነው፤ ግዴታ ግን የለብሽም። ከተውሽው ግን ተይው፤ በየወሩ እያነሣሽ አታስከፍያት። ለወደፊቱ በየወሩ ሦስታችሁም ቆጣሪውን አብራችሁ አንብቡ። አከራዩን ለየቤታችሁ ቆጣሪ ቢያስገባላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጠብ የሚቀረው እንዲህ ባለ ተራ ነገር ነው።

ሄደሽ ፊት ብትነሳሽስ? ሐዋርያው "ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ" ብሏል (ሮሜ 12፥18)። "በእናንተ በኩል" ነው ያለው። የእሷን በኩል አትጠየቂበትም። ሰላምታሽን ግን አታቁሚ፤ ብትመልስም ባትመልስም።

ስለ ቁርባኑ የሚወስኑት ንስሐ አባትሽ ናቸው። እኔ በጽሑፍ "ቁረቢ" ወይም "አትቁረቢ" ልልሽ አልችልም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ከዚያ በፊት ጎረቤትሽ ጋር ሂጂ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው። የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ የሷን ጥፋት ብቻ ሳይሆን በር እየዘለልሽ ቡና መጥራትሽንም። ሞክሬ እምቢ አለችኝ ማለትና ጭራሽ አልሞከርኩም ማለት እሳቸው ዘንድ አንድ አይደለም።