ኮንትራት ሠራተኞቻችንን ለኤጀንሲ ብናስተላልፍ የሠሩበት ዘመን ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በዱከም የሚገኝ የብስኩት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። በማሸጊያ ክፍል 40 ኮንትራት ሠራተኞች አሉን፤ ውላቸው በየ6 ወሩ እየታደሰ 4 ዓመት ሠርተዋል። አሁን አስተዳደሩ ቅጥሩንም፣ የሰዓት ቁጥጥሩንም፣ ደመወዙንም ለኤጀንሲ ሊሰጥ ነው። ሠራተኞቹ መልቀቂያ አስገብተው ከኤጀንሲው ጋር አዲስ ውል እንዲፈርሙ ታዟል። ኃላፊነቱ ከእኛ ላይ ይወርዳል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በኤጀንሲ መጠቀሙ ሕጋዊ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ሠራተኛ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት አገልግሎት እንዲያሰማራ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ ለሚገባ አዲስ ሠራተኛ አሠሪው ኤጀንሲው ነው። እኔን ያስጨነቀኝ መልቀቂያው ነው።

እነዚህ 40 ሰዎች በወረቀት ኮንትራት ይባሉ እንጂ በሕግ ፊት ቋሚ ይመስሉኛል። በአንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፦ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ ለወቅታዊ ሥራ እና በመሳሰሉት። ፋብሪካው በሚሠራበት ቀን ሁሉ ብስኩት መታሸጉ አይቀርም። ውሉ ለ4 ዓመት በየ6 ወሩ መታደሱም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

መልቀቂያውን በተመለከተ፣ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው 5 ዓመት ካገለገለ ነው። የእናንተ ሰዎች አንድ ዓመት ይቀራቸዋል። በዚህ ሰዓት ማስፈረም ያገለገሉበትን ገንዘብ ከእጃቸው መንጠቅ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዤ ተከራክሬያለሁ፦ መልቀቂያዎቹ በሙሉ ቃላቸውም ቀናቸውም አንድ ነበር፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስሙ ብቻ። ያንን አይቶ «ፈቃዳቸው ነው» የሚል ዳኛ ይኖራል ብላችሁ አትመኑ። «በስምምነት ተለያየን» ማለትም አያድንም፤ ውሉ በስምምነት ቢቋረጥም ሠራተኛው ሕግ የሰጠውን መብት መተዉ ዋጋ እንደሌለው አንቀጽ 25 ይደነግጋል።

ፍርድ ቤት ስንብቱን ሕገወጥ ካለው ወደ ሥራ መመለስ ሊያዝ ይችላል። ካሳ ከተወሰነ ደግሞ ሒሳቡን ለአስተዳደሩ አሳዩት። ወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ የቀን ደመወዙ በ30 ሲካፈል 200 ብር ነው። ካሳው የ180 ቀን፣ 36,000 ብር፤ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 2,000 እየታሰበ 12,000፤ ከስንብቱ በፊት ሊሰጥ ይገባ የነበረው ማስጠንቀቂያ የሁለት ወር ደመወዝ 12,000። ድምሩ 60,000 ብር፣ ለ40 ሰው 2,400,000 ብር።

ስለዚህ አዲስ የሚቀጠሩትን በኤጀንሲ አስገቡ። ነባሮቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። የፈቀደ ሰው፣ እናንተና ኤጀንሲው ሦስታችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ የ4 ዓመት አገልግሎቱ፣ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዱና ደመወዙ ሳይቀነስ እንደሚቀጥል በግልጽ ይስፈር። ያልፈቀደ እናንተው ዘንድ ይቆይ፤ ውሉን በአንድ ወገን መለወጥ አይቻልም።

ከኤጀንሲው ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ የወር ክፍያችሁን የምትለቁት ያለፈውን ወር የተፈረመበት የደመወዝ መክፈያና የጡረታ ገቢ ደረሰኝ (ከአሠሪው 11%፣ ከሠራተኛው 7%) ሲያመጣ ብቻ መሆኑን አስገቡ። አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚያሳክምና ማን እንደሚክስም ይጻፍ። ይህን በቸልታ አትለፉት፤ ማሽኑ የእናንተ ነው፣ ሥራ የሚያዘው ፎርማንም የእናንተ ነው።

ይህን የምታነቡ ሠራተኞች ደግሞ ቀን ቁጠሩ። ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ከተሰናበታችሁ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ለክፍያ ጥያቄ 6 ወር አላችሁ።