«ከበሮው የታለ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን ጋሼ። የምንጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት ያለን ባንድ ነን። ቅዳሜ ማታ ሆቴል አዳራሽ እንጫወታለን፣ ሰርግም እንሠራለን። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «ላይቭ ግቡልን» ብለው ወጥረው ይዘውናል። በስልክ ብንሞክር ድምፁ ይፈነዳል ተባልን። ከሚክሰሩ በገመድ ስንወስደው ደግሞ «ከበሮው የታለ? ኪቦርድና ዘፋኟ ብቻ ነው የሚሰማው» አሉን። አሁን አዋጥተን ካሜራ ልንገዛ ነው። የትኛው ይሻለናል? ሶፍትዌሩስ?

መልስ፦ ካሜራው ይቆየን። ዘመዶቻችሁ የነገሯችሁ የድምፅ ችግር ነው፤ ካሜራ ደግሞ ከበሮ አያሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሮ አዳራሽ ውስጥ በራሱ ጉልበት ይሰማል። ስለዚህ ሳውንድ ማኑ ወይ ማይክ አያደርግለትም፣ ወይ ዝቅ ያደርገዋል። ልክ ነው፣ ለአዳራሹ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ግን ከሚክሰሩ በዋናው መውጫ የሚወጣው ስፒከር እንዲያግዘው የተፈለገው ድምፅ ብቻ ነው። በስልኩ የሚያዳምጣችሁ ሰው የሚደርሰውም ያው ነው።

ለላይቩ የራሱ ሚክስ ይኑረው። ሚክሰራችሁ ላይ በየቻናሉ «ኦክስ» የሚባል፣ የቻናሉን ድምፅ ለብቻው ወደ ሌላ መውጫ የሚልክ ማዞሪያ አለ። አንዱን ለሞኒተር፣ ማለትም መድረክ ላይ ራሳችሁን ለምትሰሙበት ስፒከር ከያዛችሁት ሌላኛውን ውሰዱ። «ፕሪ» የሚል መጫኛ ካለው ተጫኑት፤ ሳውንድ ማኑ ለአዳራሹ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የእናንተው አይነካም። ከዚያ ከበሮውን ከፍ፣ ድምፃዊቷን ትንሽ ዝቅ እያደረጋችሁ ለብቻው አስተካክሉት። ይህን በልምምድ ቀን ሥሩት። መድረኩ አጠገብ ቆማችሁ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ አትፍረዱ፤ የአዳራሹ ድምፅ ጥሶ ይገባባችኋል። ትንሽ ቅዱና ውጭ ወጥታችሁ ስሙት።

ከበሮው ማይክ ይፈልጋል። ሹር ኤስኤም 57 ብታገኙ ጥሩ ነው፤ ለዘፋኝ የሚሆነው 58ም ያስኬዳል። በሰፊው ፊት በኩል አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። የማሲንቆው ማይክ ቆዳውን ይይ፣ ግን ደጋኑ እንዳይመታው ገለል ይበል። የዋሽንቱን ከአፍ ፊት ለፊት ካደረጋችሁት የምትሰሙት ትንፋሽ ነው፤ ወደ ጣቶቹ ዝቅ አድርጉት። ጎጃም ተቀምጦ ዋሽንት የማይሰማበት ላይቭ መልቀቅ ነውር ነው፣ እኔ አላልፈውም።

አሁን ወደ ግዢው። ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ኃይለኛ ነው፤ የስልክ ማይክ መግቢያ የሚጠብቀው ግን በጣም ደካማውን ነው። ስለዚህ ያዋጣችሁት ብር ቅድሚያ ለኦዲዮ ኢንተርፌስ ይሁን፤ የሚክሰርና የማይክ ድምፅ ተቀብሎ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ወይም ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ይበቃችኋል፤ ሁለቱም ሁለት ማይክ ይቀበላሉ። «ሚክሰራችን ዩኤስቢ አለው» ካላችሁ ተጠንቀቁ። የብዙዎቹ ትንንሽ ሚክሰሮች ዩኤስቢ የሚያወጣው ያንኑ ዋናውን ሚክስ ነው፤ ከበሮው እንደገና ጠፋ ማለት ነው።

የኢንተርፌሱ አንደኛ መግቢያ ላይ ኦክሱን፣ ሁለተኛው ላይ ጭብጨባና እልልታ የሚይዝ አንድ ማይክ ሰኩ። ማይኩ መድረኩ ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ ሰው ይዙር። ከኋላ ግድግዳ አጠገብ አታቁሙት። ድምፅ በየሜትሩ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚዘገይ ከሩቅ የመጣው እንደ ገደል ማሚቶ ይሆናል።

ሶፍትዌሩ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ድምፁንና ምስሉን አንድ ላይ ወደ ላይቩ የሚልክ። ነፃ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። 8 ጊጋ ራም ያለው ደህና ላፕቶፕ ይችለዋል። ድምፁ ላይ «ሞኖ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ባንዱ በግራ ጆሮ፣ ጭብጨባው በቀኝ ጆሮ ይገባል። ምስሉን 720ፒ፣ 30 ፍሬም፣ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) 2500 ኪሎቢት ላይ አድርጉት። ከ1080 ጋር አትታገሉ፤ የሚቆራረጥ ጥራት ማንም አያይም። በዚህ ልክ ዳታ በሰዓት ከ1.1 እስከ 1.2 ጊጋ ይበላል። ኔትወርኩን ስትለኩ የማውረዱን ሳይሆን የመጫኑን ፍጥነት እዩ፤ ቢያንስ 5 ሜጋቢት ይሁን። የምትለኩትም እዚያው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መለካት ራስን ማታለል ነው። ሆትስፖት ከምትጠቀሙ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት።

ኦቢኤስ እያስተላለፈ ጎን ለጎን ይቅዳ። ፎርማቱ ኤምኬቪ ይሁን። መብራት ድንገት ቢጠፋ ተራው ኤምፒ4 ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቀዳበት ድረስ ይከፈታል። ኔትወርክ የከዳችሁ ቀን በማግስቱ ትጭኑታላችሁ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ሚክሰሩና ዋይፋዩ ግን ዩፒኤስ ይፈልጋሉ።

ለምስሉ ያላችሁ ስልክ ይበቃል። ስታንድ ላይ አቁሙት፣ ስልክን እንደ ካሜራ በሚያሠራው ድሮይድካም በሚባለው አፕ ከኦቢኤስ ጋር አገናኙት። ምስሉ ከድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። አንድ ልጅ ካሜራው ፊት ያጨብጭብና እጁና ድምፁ እስኪገጥሙ ድረስ ኦቢኤስ ውስጥ የድምፁ «ሲንክ ኦፍሴት» ላይ ሚሊሰከንድ ጨምሩ፤ ድምፁ ምስሉን ይጠብቀዋል። አምፖሉ ምስሉ ላይ ከተርገበገበ ቅንብሩን 50 ኸርዝ አድርጉት፤ የእኛ መብራት 50 ነው። ወደፊት ካሜራ ስትገዙ ምስሉ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲወጣ የስክሪኑ ጽሑፍ አብሮ እንዳይወጣ እዚያው ሱቅ አስከፍታችሁ እዩ። የካሜራውን ምስል ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባው ካፕቸር ካርድ ያኔ ይታሰባል።

የሰው ዘፈን ስትጫወቱ ዩቲዩብ ሊያቋርጣችሁ ይችላል፤ በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣ የቅጂ መብት አዋጅ አለ። የራሳችሁን ሥራ አብዙ። ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስከፈት እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል። ለቅዳሜው ሐሙስ ላይ ጠይቁ።