ሂሳቡን ሳታነቡ ቲፕ አትጨምሩ

ለእረፍት የመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይዤ ቦሌ ወይም ካዛንችስ ካሉት ሬስቶራንቶች በአንዱ ስቀመጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር እታዘባለሁ፤ ሂሳቡ ሲመጣ የሚያነበው ሰው የለም። «በሞቴ፣ ዛሬ የኔ ነው» እየተባለ ማህደሩ ከእጅ ወደ እጅ ይነጠቃል፤ በመጨረሻ ያሸነፈው ሰው ቁጥሩን ከተጋባዦቹ ሸፍኖ የታችኛውን መስመር ብቻ ገረፍ ያደርግና፣ በኖረበት አገር ልማድ ሃያ ከመቶ አስልቶ በላዩ ያስቀምጣል። ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ኖሬ ስመለስ እኔም የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍኩት በዚሁ ሁኔታ ስለሆነ፣ የምጽፈው ከወቃሽነት ሳይሆን ከከሳሪነት ነው።

ደረሰኙን ከላይ ወደ ታች አንብቡት። የምግብ ዝርዝሩ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ ዋጋው ቫትንና ሰርቪስ ቻርጅን እንደማያካትት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ የ1,000 ብር እራት በ1,000 ብር አያልቅም። በቅድሚያ 10 ከመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይታከልና 1,100 ይሆናል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የምንከፍለው 15 ከመቶ ቫት በዚህ ድምር ላይ ሲሰላ 165 ብር ይጨመርና 1,265 ይደርሳል። እንግዳችን በዚህ ላይ ሃያ ከመቶ ማለትም 253 ብር ሲያክልበት 1,518 ብር ከፈለ ማለት ነው፤ ከዝርዝሩ ዋጋ ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ለግብር የከፈለውን ገንዘብ ጭምር ቲፕ እየከፈለበት ነው! የቀረበላችሁ ወረቀት በእጅ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ጠይቁ፤ ቫት ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ በመንግሥት መዝገብ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ሰርቪስ ቻርጅ ያላቸው በአብዛኛው ሆቴሎችና ተለቅ ያሉ ሬስቶራንቶች ናቸው። በሠፈር ምግብ ቤት፣ በጁስ ቤትና በትንሽ ካፌ አታገኙትም። ቆመው ማኪያቶ በሚጠጡባቸው የፒያሳ ቡና ቤቶችም መጀመሪያ ካሸሩ ጋ ከፍሎ ወረቀቱን ለባለ ማሽኑ መስጠት ስለተለመደ ጥያቄው ራሱ ብዙም አይነሳም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሰርቪስ ቻርጁን አስተናጋጇ ማታ ይዛው የምትሄደው ገንዘብ አድርገን ስንቆጥር ነው። አሜሪካ ብዙ ቤቶች ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሚመጣ እንግዳ 18 ከመቶ ወይም ከዚያ የበለጠ በራሳቸው ይጨምራሉ፤ የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን አስገዳጅ ጭማሪ ለሠራተኛው ሲከፋፈል ከአውሮፓውያኑ 2014 ጀምሮ እንደ ቲፕ ሳይሆን እንደ ደመወዝ ያየዋል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ በወር መጨረሻ ለወጥ ቤቱም፣ ለዕቃ አጣቢውም፣ ለጥበቃውም በሥርዓት የሚያከፋፍል ቤት እንዳለ ሁሉ፣ ለሠራተኛው የሚደርሰው እዚህ ግባ የማይባል የሆነበት ቤትም አለ። ማወቅ ከፈለጋችሁ አስተናጋጇን ለብቻዋ፣ አለቃዋ በሌለበት፣ በትህትና ጠይቁ፤ እኔ ስጠይቅ መልስ የነፈገችኝ የለችም።

ከዚህ ተነስታችሁ «አሥር ከመቶ ወስደዋል፣ ይበቃል» ብላችሁ ባዶ እጃችሁን እንድትነሱ አልመክርም። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ሥራ ላይ በሌለበት ከተማ፣ ለአስተናጋጅ የቀን ጉርሻ የታክሲና የምሳ ገንዘብ ነው። እኔ ሰርቪስ ቻርጅ ባለበት ቤት በመጠኑ ከ50 እስከ 100 ብር በእጅ እሰጣለሁ፤ በሌለበት ቤት ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር ከመቶ፣ እሱንም ቫት ሳይጨመርበት ካለው ዋጋ አስልቼ። ሃያ ከመቶ የአሜሪካ ስሌት ነው፤ በዚያ የፌዴራሉ ሕግ ለቲፕ ተቀባይ ሠራተኛ የሚያስገድደው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ በመሆኑ፣ እሱም ከአውሮፓውያኑ 1991 ጀምሮ ስላልተነካ፣ ጉድለቱን የሚሞላው እንግዳው ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብሩን ወደ ዶላር እየመነዘሩ «ይህማ ምን አላት» ማለት ቀላል ሆኗል። መዘዙን ያየሁት በታናሽ ወንድሜ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የሚጠጣበትና አሥር ብር ትቶ የሚነሳበት ካፌ ነበረው። አንድ ሳምንት ሙሉ አብሬው እየሄድኩ በእያንዳንዱ ቀን 200 ብር ትቼ ተነሳሁ። አብሬው መሄድ ካቆምኩ በኋላ ወንድሜ ብቻውን ወደ ቦታው ሲመለስ አስተናጋጁ በመጀመሪያ ከኋላው እኔን ፈለገ፤ ከዚያ በኋላ የወንድሜ ማኪያቶ ከሁሉም ኋላ የሚመጣ ሆነ። ወንድሜ በስልክ የነገረኝ እየሳቀ ቢሆንም ካፌውን መቀየሩን አልደበቀኝም።

አሰጣጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ የካርድ ማሽኑ በሚያወጣው ወረቀት ላይ ቲፕ የሚጻፍበት ክፍት መስመር አትጠብቁ። በቴሌብር ስትከፍሉም ከሂሳቡ በላይ የላካችሁት ገንዘብ የሚገባው በድርጅቱ ሒሳብ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ለአስተናጋጇ መድረሱ በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን በፈለጋችሁት መንገድ ክፈሉ፣ ጉርሻውን ግን በጥሬ ብር፣ በእጇ ስጡ። ባንክ ስትመነዝሩ ሁሉንም በ200 ብር ኖት አትቀበሉ፤ የተወሰነውን ባለ 50 እና ባለ 100 እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የ«በሞቴ» ሽሚያውንም ለመቅደም፣ ቡናው ሳይመጣ እጅ ለመታጠብ የተነሳችሁ መስላችሁ ካሸሩ ጋ ሂዱና እዚያው ቆማችሁ አንብባችሁ ክፈሉ። ተጋባዦቻችሁ ቁጥሩን አያዩም፣ እናንተ ግን እያንዳንዱን መስመር ታያላችሁ።

መጠጥ ቤት ውስጥ ነገሩ ይለያል፤ ሂሳቡ የሚጠራቀመው ከምሽት እስከ ሌሊት ነው፣ አስተናጋጁም ሊቀያየር ይችላል። ፈረቃ ሲለወጥ እስከዚያ የተጠጣውን ዘግታችሁ ላገለገላችሁ ሰው ያኔውኑ ስጡ፤ ያለዚያ ሌሊት የመጣው ሰው የማታውን ጉርሻ ይወስዳል። አዝማሪ ቤት የገባችሁ እንደሆነ ደግሞ አዝማሪው ስማችሁን ከጓደኞቻችሁ ጠይቆ ግጥም ሲያወርድላችሁ ግንባሩ ላይ የምትለጥፉት ብር ሽልማት ነው፤ ከመጠጡ ሂሳብም ከአስተናጋጁ ጉርሻም ጋር አይገናኝም። ለእሱ የምትሸልሙትን ብር ከመግባታችሁ በፊት በሌላ ኪስ ለይታችሁ ያዙ፤ ግጥሙ ሲሞቅ ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።