ዊንዶውስ ከማስቀየርዎ በፊት ካርዱን ይፈልጉት

መምህር፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን በአጭሩ ልድገመው። ላፕቶፕዎ ያለ ችግር ዋይፋይ ሲይዝ ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍቱት የዋይፋይ ምልክቱ ጠፍቷል፤ በቦታው የሉል ምልክት ብቻ ቀርቷል። እዚያው መሐል ሜዳ ከተማ ዊንዶውስ አስቀየሩ፣ ሁለት ቀን ሠራ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ጠፋ። አሁን ደግሞ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብለዋል። «በየማታው በሥርዓቱ ነው የምዘጋው» ማለትዎንም ልብ ብያለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ማሽኑን ሳላየው ቦርዱ ደኅና ነው ብዬ አልምልም። ግን ሁለት ቀን መሥራቱን ዝም ብለው አይለፉት። የተቃጠለ ነገር ዊንዶውስ ስለተቀየረለት አይነሳም። እኔ የምጠረጥረው ያዳነው አዲሱ ዊንዶውስ ሳይሆን ሲጫን ማሽኑ ደጋግሞ ሪስታርት መደረጉን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ሲሉት ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ፤ የዊንዶውሱን ዋና ክፍል ከነድራይቨሮቹ (ዕቃዎቹን ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች ጋር) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ጠዋት ያንኑ አንስቶ ይቀጥላል። ቶሎ እንዲከፈት ነው። ታዲያ የዋይፋይ ካርዱ፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ ዋይፋይ የሚይዘው ትንሽ ዕቃ፣ ማታ ተዛብቶ ከነበረ ጠዋትም ከነመዛባቱ ሊነሳ ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምራል። ስለዚህ በየማታው የዘጉት መስሎዎት አስተኝተውት ሊሆን ይችላል። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ካርዱን ያየዋል ወይስ አያየውም? የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርገው «ዲቫይስ ማናጀር»ን ይክፈቱ፤ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ይዘርጉት። ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ኳልኮም ወይም ብሮድኮም ከሚል ስም ጋር «ዋየርለስ» ወይም «ዋይፋይ» የሚል መስመር ይፈልጉ። ስሙ ካለና ቢጫ ምልክት ከሌለበት ካርዱ አለ፤ ምናልባት ኤርፕሌን ሞድ በርቶ ነው፣ ከላይ ካሉት የኤፍ ቁልፎች አንዱ በስህተት ተነክቶ ይሆናል። ቢጫ ምልክት ካለበት ሁለቴ ተጭነው የሚጽፈውን ቁጥር ያንብቡ። 28 ከሆነ ድራይቨር የለውም ማለት ነው፤ የስልክዎን ዳታ በቻርጀር ገመዱ አገናኝተው ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ያብሩና ከማሽኑ አምራች ገጽ ያውርዱት። ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ የግድ አይደለም። 10 ከሆነ ካርዱ አለ ግን አልጀመረም፤ የእርስዎ ዓይነቱ ጣጣ ብዙውን ጊዜ ይህን ያሳያል፣ አለዚያም ስሙ ጭራሽ ይጠፋል።

በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ምንም ወጪ የለውም። ማሽኑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነው ለ30 ሰከንድ ያህል ይያዙት። ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ለማፍሰስ ነው። መልሰው ሲያበሩት ካርዱ ስሙን ይዞ ብቅ ካለ ሁለት ነገር ሳያደርጉ አይነሱ። አንደኛ፣ በዚያው ዲቫይስ ማናጀር ካርዱን ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ፓወር ማኔጅመንት» ይግቡና ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱት። ሁለተኛ፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብተው የማብሪያ ቁልፎች ሥራ ከሚመረጥበት ቦታ ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉ። ማሽኑ ሲከፈት ትንሽ ይዘገይብዎታል፤ ይዘግይ።

ስሙ እንቢ ብሎ ካልመጣ መክፈት ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ከቦርዱ መንቀል አይርሱ። በአዲሶቹ ላፕቶፖች ካርዱ 22 በ30 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ በአንዲት ብሎን ተይዟል። ላዩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ጫፋቸው እንደ ልብስ ቁልፍ ቀጭ ብሎ የሚገጥም። እነዚህ አንቴናዎቹ ናቸው፤ በማጠፊያው በኩል አልፈው ስክሪኑ ጠርዝ ውስጥ ይገባሉ። ካርዱ ቀዳዳው ውስጥ ላልቶ ከሆነ ማሽኑ አያየውም፤ ብሎኗን ፈትቶ፣ ስቦ አውጥቶ፣ መልሶ መግፋት ብቻውን ያድነዋል። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ሲንገጫገጭ የከረመ ላፕቶፕ ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሽቦዎቹ ብቻ ከወለቁ ግን ካርዱ ይታያል፣ ራውተሩ አጠገብ ሲቀመጡ ይሠራል፣ ሁለት ክፍል ሲርቁ ይጠፋል። እነሱን በጥፍር እንጂ በፒንሳ እንዳይነኩ። ሥራ ስጀምር አንዱን በፒንሳ ጎትቼ ከካርዱ ላይ መግጠሚያውን ገንጥዬዋለሁ፤ የካርዱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

አዲስ ካርድ ልግዛ ካሉ አስቀድመው ይጠይቁ። አንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ባዮሳቸው (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የማያውቀውን ካርድ ሲያይ ጨርሶ አልነሳም ይላል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ካርዱ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሹ የዋይፋይ አዳፕተር ርካሽና ጥሩ መውጫ ነው፤ መጠገን ከማይቻል ማሽን ጋር ከመታገል እሱን እመርጣለሁ።

በነዚያ ሁለት ቀናት የባልደረባዎ ስልክ ሆትስፖት ለሌላው እየታየ ለእርስዎ አልታይ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ጋር አያያይዙት። ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ እያሰራጨ ይሆናል፤ የቆዩ ካርዶች ብዙዎቹ የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። በሆትስፖቱ ማስተካከያ ላይ «ባንድ» የሚለውን ወደ 2.4 እንዲመልሱልዎ ይጠይቋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናንተ ለደጋ ሰዎች። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ላፕቶፕ እሳት ወደሚነድበት ሙቅ ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ይሙቅ፣ ከዚያ ያብሩት።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልሆነ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጡ ማሽኑን ከነቻርጀሩ ይዘውልኝ ይምጡ። እዚያው መሐል ሜዳ የሚያስከፍቱት ከሆነ ግን ማንም ይክፈተው፣ የፈታቸውን ብሎኖች በወረቀት ጠቅልሎ ይስጥዎት፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ ያለቦታው ሲገባ እውነተኛ የቦርድ ችግር ያመጣል።