የቆላ ልጅ ጮቄ ላይ ሲተነፍስ

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ያደገው በዓባይ በረሃ ቆላ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ሥራ አግኝቶ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው፣ ራሱንም አመመው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ተሻለው። ሰውነቱ አየሩ መሳሳቱን በምን ያውቃል? እዚያው የተወለዱትስ ለምን አይቸገሩም?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በኦክስጅን ድርሻ ረገድ ቆላውና ጮቄ አይለያዩም፤ በሁለቱም ቦታ የአየሩ 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው የጮቄ ጫፍ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

እጥረቱን ፈጥኖ የሚያውቀው በአንገት የደም ቧንቧ ላይ ያለ ትንሽ አካል ሲሆን፣ ትንፋሽ እንዲበዛ ያደርጋል። የእህትዎ ልጅ በሳምንት የተሻለው በዋናነት አተነፋፈሱ ስለተስተካከለ ነው።

ጠለቅ ያለው ለውጥ ግን በየሴሉ ውስጥ ይካሄዳል። ሴሎቻችን «ሂፍ» የተባለ ፕሮቲን ዘወትር ይሠራሉ፤ ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ሲኖር፣ ኦክስጅንንና ብረትን የሚጠቀሙ ኢንዛይሞች በፕሮቲኑ ላይ ምልክት ያኖራሉ፣ ምልክቱን የሚለይ ሌላ ፕሮቲንም ይይዘውና በደቂቃዎች ውስጥ እንዲፈርስ ያደርጋል። የሠሩትን ወዲያው ማፍረስ ብክነት ቢመስልም፣ እኔ ግን እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ኦክስጅን ሲያንስ ሴሉ ፕሮቲኑን ከባዶ መጀመር ሳያስፈልገው ማፍረሱን ብቻ ያቆማልና። ያልፈረሰው ሂፍ ተጠራቅሞ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ከአጣማጁ ፕሮቲን ጋር ዲኤንኤ ላይ ያርፍና በርካታ ዘረ መሎችን ያነቃል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኔም ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል፤ ይህ ሳምንታት ይወስዳል። ሌሎቹ ዘረ መሎች አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ሴሉ ያለ ኦክስጅን ከስኳር ጉልበት እንዲያገኝ ያግዛሉ። ይህን ሥርዓት የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ወደ ስሜን ተራሮች ይወስደናል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪዋ የሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው፣ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) መጠንና የደም ኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይቀራረባል፤ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ደማቸውን ሳያወፍሩ ከፍታውን መቋቋማቸው ትልቅ ጸጋ ነው፣ በጣም የወፈረ ደም ልብን ያደክማልና።

የእህትዎ ልጅ ዳግመኛ ሲወጣ ራስ ምታቱ ከበረታበት፣ ግራ ከተጋባ ወይም ተቀምጦ ሳለ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ቆላ ይውረድ፣ ሐኪምም ይየው።